«ነኝ» ከማለት «አደረግሁ» ማለት

ሰው ስለ ሌላው ሰው ተናገር ሲሉት ምላሱ ይፈታል። የጎረቤቱን ጠባይ፣ የአለቃውን ነገር፣ የባልንጀራውን ልግስና ወይም ንፍገት ከጠዋት እስከ ማታ ሲያወራ ቢውል አይደክመውም። «እስቲ ደግሞ ስለ ራስህ በአራት መስመር ጻፍ» ያሉት እንደ ሆነ ግን ብዕሩ ይከብደዋል፤ ጣራ ጣራውን ያያል። በትልቁ ሰው ላይ እንዲህ ከሆነ፣ ገና ጢሙ ባላቀመቀመ ጎረምሳ ወይም የትምህርት ቤት ልብሷን ባላወለቀች ልጃገረድ ላይ ምን ያህል እንደሚብስ አንባቢዬ ራሱ ሊገምተው ይችላል።

በዛሬው ጊዜ ሥራ የሚፈልግ ሁሉ «ሲቪ» የሚባለውን ወረቀት ይዞ እንዲቀርብ ይጠየቃል። ቃሉ ካሪኩለም ቪቴ ከሚለው የላቲን ቋንቋ ያጠረ ሲሆን፣ ትርጓሜው «የሕይወት ሩጫ» እንደ ማለት ነው። በዚህ ወረቀት ራስጌ ላይ፣ ከስምና ከስልክ ቁጥር ቀጥላ፣ አንዲት አጭር አንቀጽ ትገባለች። እርሷም «እኔ ማን ነኝ? ምን ሠርቻለሁ? ከእናንተ ዘንድስ ምን ፈልጌ መጣሁ?» ለሚለው መልስ የምትሰጥ የራስ መግለጫ ናት። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለዚህች አንቀጽ ነው። ሩጫውን ገና ትናንት የጀመረ የ16 ወይም የ17 ዓመት ልጅ ስለ ሕይወቱ ሩጫ ምን ብሎ ይጻፍ?

እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት ተቀምጬ የሥራ ፈላጊዎችን ወረቀት አንብቤአለሁ። ከወጣቶች የሚመጣው ወረቀት ሁሉ ከአንድ ምጣድ የወጣ ይመስላል። «ታታሪ፣ ትጉህ፣ ታማኝ፣ ለለውጥ ዝግጁ የሆንሁ፣ በግልም ሆነ በቡድን መሥራት የምችል፣ ጫናን ተቋቁሜ ውጤት የማስመዘግብ ወጣት ነኝ» ይላል። ስሙን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ብታነቡት የማን ወረቀት እንደ ሆነ አታውቁትም። አንዱ ታታሪ ነኝ ካለ፣ ሌላው እጅግ ታታሪ ነኝ ይላል። ሰነፍ ነኝ ብሎ ያመለከተ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እንግዲህ ሁሉ ሰው የሚለው ቃል ማንንም ከማንም አይለይም። አንባቢውም ሹም ዐይኑን በላዩ አሳልፎ ወደሚቀጥለው ወረቀት ይሄዳል።

ይህ ነገር ከየት መጣ ብትሉ ሁለት ሥር አለው። አንደኛው ይሉኝታ ነው። በአገራችን ልማድ ሰውን የሚያስተዋውቀው ሌላ ሰው ነው። ሚስት የሚያጭ ሰው ሽማግሌ ይልካል እንጂ «እኔ መልካም ባል ነኝ» ብሎ ራሱ በአማቱ ደጅ አይቆምም። ሥራ የሚገባም ሰው ዋስ ይጠራል። ልጅ ደግሞ በእንግዳ ፊት ስለ ራሱ መናገር አልለመደም፤ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» ሲባል እየሰማ ነው ያደገው። ስለዚህ ወረቀቱ ራስህን ግለጥ ሲለው፣ ራስህን አሞግስ የተባለ ይመስለውና ያፍራል። ሁለተኛው ሥር ከዚሁ የሚበቅለው ቅጅ ነው። ያፈረ ሰው የራሱን ቃል ትቶ የሌላውን ይዋሳል። የተዋሱት ካባ ደግሞ ለሁሉም ስለሚሰፋ ለማንም ልክ አይሆንም።

ነገር ግን ስለ ራስ መናገር ለአገራችን እንግዳ ነገር ነውን? አይደለም፤ ፉከራን እናስታውስ። የቀድሞው ጀግና በአደባባይ ተነሥቶ ሲፎክር አባቱን ይጠራል፤ በፈረሱ ስም ራሱን ይጠራል፤ የዋለበትን ቦታና በዚያ ያደረገውን ይናገራል። አብረውት የዘመቱት ባልንጀሮቹ በዚያው ቆመው ይሰሙታልና፣ ያልዋለበትን ዋልሁ ቢል ኀፍረቱ የራሱ ነው። እንግዲህ የፉከራ ክብሩ በድምፁ ማማር ብቻ ሳይሆን በሥራው መኖር ላይ ነበር። የሲቪዋም አንቀጽ ሕግ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ጎራዴው ይቅር፣ ድምፁም ዝግ ይበል እንጂ፣ የዋሉበትንና ያደረጉትን መናገር ያው ነው።

በውጭውም አገር ሁኔታው እንዲሁ ነው። ሌዎናርዶ ዳቪንቺ የተባለው ስመ ጥሩ ኢጣሊያዊ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1482 ገደማ፣ ዕድሜው 30 ዓመት ያህል ሳለ፣ የሚላኖን ከተማ ይገዛ ለነበረው ለሉዶቪኮ ስፎርዛ የሥራ መጠየቂያ ደብዳቤ አዘጋጅቶ ነበር። ረቂቁ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል፤ ብዙ ሰዎችም የመጀመሪያው ሲቪ ይሉታል። ዓለም ዛሬ ይህን ሰው ይበልጥ የሚያውቀው በሥዕሉ ነው። እርሱ ግን በዚያ ደብዳቤ ሥዕልን ያነሣው ወደ መጨረሻው ገደማ ነው። የጀመረው ተሸክመው የሚሄዱት ቀላል ድልድይ፣ የምሽግ ውኃ ማድረቂያ ዘዴ፣ መድፍና የተሸፈነ የጦር ሠረገላ ለመሥራት እችላለሁ በማለት ነው፤ ለዚያ ገዥ የጦርነት ነገር ከሥዕል ይልቅ ያሳስበው ነበርና። በመጨረሻም ከዘረዘርሁት ውስጥ አይቻልም የሚባል ቢኖር፣ በፈለጋችሁት ቦታ ሠርቼ ላሳይ ብሎ ራሱን ለፈተና አቀረበ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ አንባቢው የሚፈልገውን አስቀድሞ መናገር ነው። ሁለተኛው፣ «እስቲ አሳየኝ» ቢባሉ የማያሳፍር ነገር ብቻ መጻፍ ነው።

አሁን ደግሞ ከሚላኖ ወደ እኛ መንደር እንመለስ። አንድ ዓመት በሰኔ ወር፣ በአዲስ አበባ በምኖርበት ሰፈር፣ የጎረቤቴ ልጅ ወረቀት ይዛ መጣች። ዕድሜዋ 17 ነው፤ 11ኛ ክፍልን መጨረሷ ነበር። አንድ የደብተርና የመጻሕፍት መደብር ለክረምት ሁለት ወር የሚሠራ ወጣት እንደሚፈልግ በበሩ ላይ ለጥፎ ኖሮ፣ ማመልከቻዋን እንዳይላት ፈልጋ ነው። አነበብሁት። ታታሪ፣ ትጉህ፣ ጫናን የምቋቋም፣ ራእይ ያለኝ ይላል።

«ልጄ፣ ጫና የተቋቋምሽው መቼ ነው?» አልኋት።

«እኔ እንጃ፣ ጋሼ፤ ስልኩ ነው እንዲህ ብሎ የጻፈልኝ» አለችና ሳቀች።

«እንግዲያው አንቺ ራስሽ ምን ሠርተሻል?»

«ምንም። ተማሪ ነኝ እኮ።»

ይህን ስትል በጉልበቷ ላይ አንድ ጫፉ የተበላ ደብተር ነበረ። ምን እንደ ሆነ ብጠይቃት የዱቤ መዝገብ ነው አለችኝ። እናቷ እንጀራ ጋግራ ለሦስት ምግብ ቤቶች ታቀርባለች። ልጅቱ በየማለዳው፣ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት፣ እስከ 80 የሚደርሰውን እንጀራ ቆጥራ ታስረክባለች፤ የተረከበውን ሰው ታስፈርማለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሒሳቡን ትሰበስባለች። መብራት የሚጠፋበት ቀን የታወቀ እንደ ሆነ፣ ምጣዱ በሌሊት እንዲጣድ ለእናቷ የምታስታውሰውም እርሷ ናት። ይህን ሥራ ሁለት ዓመት ሠርታለች። በደብተሩ ላይ አንዲት መስመር እንኳ ሳትደመር የቀረች አላየሁም።

«ታዲያ ይህን ለምን አልጻፍሽውም?» ብላት አንገቷን ደፋች። ቆይታም ዝግ ባለ ድምፅ፣ «እንጀራ ሻጭ መሆናችንን ያውቁብናላ!» አለች።

እናቷ ለካ ልትጠራት መጥታ ደጃፉ ላይ ቆማ ኖሯል፤ ሰማቻት። አልተቆጣችም። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና እንዲህ አለቻት፦ «ያሳፈረሽ እንደ ሆነ አትጻፊው። ግን ምንም አልሠራሁም አትበዪ። እኔ ብቻዬን አልሠራሁትም።»

አንባቢዬ ሆይ፣ እኔ በዚያ ክፍል በተቀመጥሁበት ዘመን ሁሉ ስለ ሲቪ ከዚህ የበለጠ ትምህርት የሰጠኝ የለም። ሐሰት ያልሠሩትን ሠራሁ ማለት ብቻ ይመስለን ነበር። ለካ የሠሩትን ምንም አልሠራሁም ማለትም ሐሰት ነው። የመጀመሪያው አንባቢውን ያታልላል። ሁለተኛው ደግሞ አብረውን የደከሙትን ሰዎች ይክዳል፤ እኛንም በገዛ ዐይናችን ፊት ያሳንሰናል። ትሕትና የምንለው ነገር አንዳንድ ጊዜ ትሕትና አይደለም፤ በቤታችን ሥራ ማፈር ነው።

ከዚያ በኋላ ተቀምጠን፣ እርሷ እየተናገረች እኔ እየጠየቅሁ፣ በራሷ እጅ የሚከተለውን ጻፈች፦

«የ17 ዓመት ልጅ ስሆን ዘንድሮ 11ኛ ክፍልን ጨርሻለሁ። ላለፉት ሁለት ዓመታት እናቴ ለሦስት ምግብ ቤቶች የምታቀርበውን፣ በቀን እስከ 80 የሚደርስ እንጀራ ቆጥሬ አስረክቤአለሁ፤ የዱቤውንም መዝገብ ይዤ በየሳምንቱ ሒሳብ ሰብስቤአለሁ። ደብተርና መጻሕፍት በብዛት በሚሸጡበት በሐምሌና በነሐሴ ወር በመደብራችሁ በቆጠራና በሽያጭ ሥራ ለማገልገል እፈልጋለሁ። ዕቃን በኮምፒውተር መመዝገብ ገና አልተማርሁም፤ ቢያሳዩኝ እማራለሁ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ለመምጣት እችላለሁ።»

ይኸው ነው። በዚህ ውስጥ ታታሪ የሚል ቃል የለም፤ ያነበበው ሰው ግን ታታሪ ናት ማለቱ አይቀርም። ታማኝ የሚል የለም፤ የሰው ገንዘብ ሰብስባ እንደምታስረክብ ግን ተጽፏል። የምስጋናውን ቃል አንባቢው ራሱ እንዲለው ትታለታለች። ያላወቀችውንም አልሸሸገችም፤ ሥራ ሰጪ ከ17 ዓመት ልጅ ሁሉን ማወቅ አይጠብቅምና። የመደብሩ ባለቤት ወረቀቱን አንብቦ፣ «እስቲ ያን ደብተር አምጪና አሳዪኝ» አላት። አሳየችው። አንድ ሳምንት ሞከራት፤ ከዚያም ሁለቱን ወር ሠራች።

እናንተም ይህን ለመጻፍ ስትቀመጡ ለራሳችሁ አራት ጥያቄ አቅርቡ። አንደኛ፣ አሁን የት ነኝ? ዕድሜና ክፍል ይበቃል። ሁለተኛ፣ ምን አደረግሁ? እዚህ ላይ ቁጥር ያለበት፣ ቦታ ያለበት፣ የጊዜው ርዝመት የታወቀ አንድ ወይም ሁለት ሥራ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ከዚህ ቤት ምን እፈልጋለሁ? የቤቱ ሥራ በስሙ ይጠራ እንጂ «በማንኛውም የሥራ መደብ» አይባል፤ ማንኛውንም የሚፈልግ ሰው ምንም እንዳልፈለገ ይቈጠራል። አራተኛ፣ መቼ ልምጣ? አራት ወይም አምስት ዐረፍተ ነገር ከሆነ በቂ ነው። ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሚጻፈው ድርሰት ሌላ ነገር ነው፤ በአሜሪካ ብዙ ኮሌጆች በጋራ የሚቀበሉት ማመልከቻ ለድርሰቱ እስከ 650 ቃል ይፈቅዳል። የሲቪዋ አንቀጽ ግን አንድ ትንፋሽ ናት።

የአማርኛችን ሰዋስው ራሱ ለዚህ ይረዳናል። በቋንቋችን ዐረፍተ ነገሩ የሚያርፈው በግሱ ላይ ነው። እንግዲህ የጻፋችሁትን አንብባችሁ መድረሻውን ተመልከቱ። መስመሩ ሁሉ «ነኝ፣ ነኝ፣ ነኝ» እያለ የሚያርፍ ከሆነ፣ ገና ምንም አልተናገራችሁም። «ቈጠርሁ፣ መዘገብሁ፣ አስተማርሁ፣ ጠገንሁ፣ አደረስሁ» እያለ የሚያርፍ ከሆነ ግን ሥራችሁ ራሱ እየተናገረ ነው።

«የእኔ እናት እንጀራ አትሸጥም፤ እኔ በእውነት ምንም አልሠራሁም» የሚል ይኖር ይሆናል። እስቲ ቀስ ብሎ ያስብ። የውኃው ፈረቃ ሲደርስ ሌሊት ተነሥቶ በርሜሉን የሚሞላው ማን ነው? ታናሽ እኅቱን ለ8ኛ ክፍል ፈተና ያስጠናት ማን ነው? በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ክበብ ጠዋት ጠዋት ዜና ያነበበ፣ የሰፈሩን የእግር ኳስ ቡድን መዋጮ የያዘ፣ ለአያቱ መድኃኒት በሰዓቱ የሰጠ፣ እርሱ ሥራ አልሠራምን? ከገጠር የመጣውም ልጅ «እረኛ ነበርሁ» ለማለት አይፈር። ማታ ከብቱን ቈጥሮ አንድ ሳይጐድል ማስገባት፣ ዝናብና ፀሐይ ሳይሉ በቦታ መገኘት፣ የጠፋውን ፈልጎ ማምጣት ኀላፊነት ነው።

ይህን አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በሚቀጥለው በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ሆኑ። እንግዲህ በእነዚያ ዓመታት ከመቶው ልጅ 97ቱ ያህል ውጤቱን በወረቀቱ ራስጌ ጽፎ ሊኮራበት አይችልም ነበር ማለት ነው። እነዚህ ልጆች «እኛ ምንም ነን» ብለው እንዲቀመጡ እንፈርድባቸዋለንን? ፈተና አንድን ነገር ይለካል፤ ሰውን በሙሉ ግን አይለካም። ውጤቱ ያነሰበት ልጅ ያደረገውን በእውነት ሲጽፍ፣ ሌላ በር እንዲያንኳኳ እጁን ያበረታታዋል።

የስልኩንም ጸሐፊ ፈጽማችሁ ጣሉት አልልም። ዛሬ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የሚባለው መሣሪያ ፊደል ያርማል፤ የረዘመውን ያሳጥራል፤ ወደ እንግሊዝኛም ይመልሳል። ነገር ግን ያን የዱቤ ደብተር አላየውም፤ በርሜሉንም አልሞላም። ባዶ እጃችሁን ሄዳችሁ ጻፍልኝ ብትሉት ለሁሉ የሚሰጠውን ይሰጣችኋል። አስቀድማችሁ እናንተ ጻፉ፤ ከዚያ እርሱ ያርም። የታረመውንም በቤታችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። እናታችሁ ሰምታ «ይህ ደግሞ ማን ነው?» ያለች እንደ ሆነ፣ ቃሉ የእናንተ አይደለምና መልሱት።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። በዚህ ወረቀት ላይ የመታወቂያ ቁጥርን፣ የቤት ቁጥርን፣ ሃይማኖትን መጻፍ አያሻም፤ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራልና። ሕጉንም ዕወቁ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። 18 ዓመት ላልሞላው ወጣት ሠራተኛም መደበኛ ሥራው በቀን ከ7 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም እንዳይሠራ ያዛል። ዕድሜያችሁን በእውነት መጻፍ እንግዲህ ጥበቃም ነው።

አንዳንድ አንባቢ ግን፣ «ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? ሥራ የሚገኘው በዘመድ ነው» ማለቱን ከሩቅ እሰማለሁ። በዘመድ የሚገባበት በር መኖሩን አልክድም። አራት መስመር ጽሑፍም ያን በር አይሰብረውም። ሆኖም ዘመድ የሌለው ልጅ ስለ እርሱ የሚናገርለት ሽማግሌ በዚያ ቤት የለውም፤ ያለችው ይህች አንቀጽ ብቻ ናት። ዘመድ ያለውም ቢሆን ገብቶ ሲሠራ ሥራው ይመሰክርለታል ወይም ይመሰክርበታል፤ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባል የለም?

በመጨረሻም እናንተ በየመሥሪያ ቤቱ ገና ሥራ የጀመራችሁ ወጣቶች፣ አንድ አደራ አለብኝ። ታናሽ ወንድማችሁ ወይም እኅታችሁ ይህን ወረቀት ይዘው «ጻፍልኝ፣ ጻፊልኝ» ሲሏችሁ፣ ጽፋችሁ አትስጧቸው፤ ጠይቋቸው። ትናንት ምን ሠራህ? ባለፈው ክረምት ምን ሠራሽ? ስንት ነበረ? ማን አየሽ? ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በገዛ እጃቸው ያስፍሩት። ሥራውን ቢያገኙ መልካም ነው። ባያገኙም እንኳ፣ አንድ ልጅ የሠራው ሥራ ሥራ እንደ ሆነ በ17 ዓመቱ ተቀምጦ ቢያየውና የአባትና የእናቱን ድካም ሳያፍር በስሙ ቢጠራው፣ ቀላል ትርፍ አይደለም።